ለጊዜው አትንገሯት

እተኛለሁ ብዬ ከተጋደምኩ ሦስት ሰዓት ሊሞላኝ ነው፤ አልተኛሁም፣ መጋረጃው ብርሃን አይዝም፣ ቢይዝስ ምን ዋጋ አለው፣ ጥፋቱ የመጋረጃው አይደለም። ሌሊቱን ላቦራቶሪ ቆሜ አድሬ ጠዋት በረዶ እየረገጥኩ የገባሁ ሰውዬ ነኝ፣ ገና ጎኔ አልጋ ሲነካ ጭልጥ ማለት ነበረብኝ። ኡሜዮ ነው ያለሁት፣ ስዊድን ሰሜኑ ላይ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶት እንኳ በረዶው ገና ከደጅ አልተነሳም፣ ስድስት ዓመት ኖሬበት ዛሬም የጎረቤቴን ስም የማውቀው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ መያዣው ሰሌዳ ላይ ስላነበብኩት ነው፣ ፊቱን አላውቀውም። እና ይኼው ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ እናቴ ኪኒኗን ካቆመች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። የጡት ካንሰር ኪኒን ነው። እሷ ግን ቪታሚን ይመስላታል፣ ምክንያቱም ቪታሚን ነው ብለን የሰጠናት እኛ ነን፤ እኛ ስል፣ አትሸፋፍን ሕሩይ፣ አንተ ነህ።

ጠዋት ነው የነገረችኝ፣ ያውም እየሳቀች። እኔ ገና ጫማዬን አላወለቅኩም፣ በረዶው ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ ነው፣ እሷ ኮተቤ በረንዳዋ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከጀርባዋ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ በወንበር!» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። «በላህ?» አለችኝ። በላሁ አልኳት። «ውሸታም፣ የበላ ሰው ድምፅ መቼ ጠፋኝ።» ከዚያ ወሬዋን ቀጠለች፤ ሌሊት ተነስታ እንጦጦ ጸበል ሄዳ እንደተመለሰች፣ ብርዱ ጥርሷን እንዳንቀጫቀጫት፣ ዳገቱን ግን እንደ ኮረዳ እንደወጣችው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን ነው። ያንን ቪታሚናችሁን እንኳ ከሑዳዴ ቅበላ ማግሥት ጀምሮ ትቼዋለሁ፣ ምን ያደርግልኛል፣ ጸበሌ ይበቃኛል» አለች። ቀጠለችና ደግሞ ምን አለች፣ እዚያ አጥማቂው ቄስ በየቀኑ «የሐኪም መድኃኒት ያላችሁ እንዳታቋርጡ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው» እያሉ እየለመኑ፣ አንዳንዱ ሰው ከባድ በሽታ ተሸክሞ መድኃኒቱን ይጥላል አሉ፣ «ይኼ ድንቁርና ካልሆነ ምንድን ነው?» ብላ ተናደደች። እናቴ ተናደደች፣ በራሷ፣ ሳታውቀው። እኔስ ምን አልኩ? «ጎሽ» አልኩ። ጎሽ! አፌን በቆረጠው። ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ነው፣ ደግሞ ጎሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ እንዳለ አልጋው ላይ ወደቅሁ።

ነሐሴ ላይ ነበር። ሥርጉት ደወለች፤ ታናሽ እህቴ ነች፣ ጉርድ ሾላ ቢሮ ትሠራለች፣ ከእማዬ ጋር የምትኖረውም እሷ ብቻ ነች፣ አባታችን ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከእማዬ ጡት የወጣው እጢ ተመርምሮ ውጤቱ መጥቷል፣ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፣ እኔ ያን ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ በአንድ እጄ አነበብኩት። ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ተቀባይ፣ ሴሉ በር ላይ መልእክት የሚቀበለውን ማለቴ ነው፣ ዕድሜ ልኬን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሳሳድደው የኖርኩት እሱኑ ነው፤ እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የማውቀው። ሐኪሙ ሥርጉትን «እኔ ልንገራት ወይስ እናንተ?» ብሎ ጠይቋታል፣ እሷ ደግሞ ኮራ ብላ «ወንድሜ ዶክተር ነው፣ ውጭ አገር፣ እሱ ያለውን እናደርጋለን» ብላዋለች። ዶክተር! እኔ የታመመ ሰው ነክቼ የማላውቅ፣ መርፌ ሳይ የማዞርብኝ፣ የሳህን ዶክተር። ስንት ጊዜ አስረድቻቸዋለሁ፣ የኔ ዶክተርነት የትምህርት ማዕረግ ነው፣ የሐኪም አይደለም ብዬ፤ እሺ ይሉኛል፣ ከዚያ እትዬ ታደለች፣ ጎረቤታችን፣ ስለ ሪህዋ ትጠይቀኛለች። እና ያን ቀን ወግ ደረሰኝና እንደ ሐኪም አዘዝኩ። «ለጊዜው አትንገሯት፣ ትደነግጣለች፣ ኪኒኑን ቪታሚን ነው በያት» አልኩ። ለጊዜው። የኛ አገር ለጊዜው እኮ ይታወቃል፣ ለጊዜው የተሠራ አጥር ነው ልጅ እስኪዳር የሚቆመው። ስምንት ወር ሆነው። እውነቱን ልናገር ከተባለ ደግሞ እንዳትደነግጥ ብዬ ብቻም አልነበረም፤ ስትደነግጥ በስልክ መስማቱን ፈርቼ ነው። እዚህ፣ ብቻዬን፣ ከዚያ በኋላ እራት የምበላበትን ማታ ፈርቼ። እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ኮተቤ ውስጥ የገባው ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ነች። ለተጊዮርጊስ ትባላለች፣ የኔታ ለተ ይሏታል ያስተማረቻቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሦስተኛ ክፍል ቆማ ማንበብና ሳይንስ ያስተማረች ሴት ናት፣ ሳይገባት «እሺ» አትልም። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፤ ሴል ማለት ቤት ነው በይ፣ መልእክተኛ ከውጭ ይመጣል፣ እሱ ራሱ አይገባም፣ በር ላይ ያለውን ዘበኛ ነክቶት ይቆማል፣ ዘበኛው ከውስጥ ላለው ይነግራል፣ ያኛው ለሚቀጥለው፣ እየተቀባበሉ እልፍኝ ያደርሱታል፣ እልፍኙ ያኔ «ተባዙ» ይላል ወይም «በቃችሁ» ይላል። «ወሬ ነው በለኛ» አለች። ወሬ ነው አልኳት። «ደግሞ በዓይን አይታይም ብለኸኛል፣ ታዲያ መድረሱን በምን ታውቃለህ?» የአስተማሪ ጥያቄ። መጀመሪያ ሴሎቹን አስጾማቸዋለሁ አልኳት፣ ምግባቸውን እከለክላቸዋለሁ፣ ሌላ ወሬ ሁሉ ጸጥ እንዲል፣ የጠገበ ሴል ሁሉም ዘበኛ ያወራል፣ ምን እንደሰማ አይለይም። አጠገቤ የምትሠራው አኒካ እስክትለምደው ድረስ «ጾም» ስል ትስቅብኝ ነበር፤ እናቴ ግን አልሳቀችም፣ «ይኼ እንኳ ደግ ነው» አለች። ከዚያ መልእክቱን እሰጣለሁ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ በየተራ አንዱን ሳህን በረዶ ላይ ቁጭ አደርገዋለሁ፣ ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቀራል፣ ቤቱን አፍርሼ ውስጥ ያሉትን በቁመታቸው አሰልፌ ስስ ወረቀት ላይ አሳርፋቸዋለሁ፣ መልእክት የደረሰውን ዘበኛ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር አፈስበታለሁ፣ የደረሰው ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ያልደረሰው ባዶ ይሆናል። «ወረቀቱን ግን ቀድመን ወተት ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፣ ሌላ ነገር እንዳይለጠፍበት» ስላት «በሑዳዴ?» አለች። በሑዳዴም። «ጣትህን እንዳትልስ» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ወይ እሷ።

ትናንት ሌሊት የሠራሁት ምን መሰለህ፣ ብዬ ለማን ነው የማወራው፣ ለጣሪያው። ሴሎቹን ዘበኛውን የሚዘጋ መድኃኒት ሰጥቼ አሰነበትኳቸው፣ ጸጥ አሉ፣ መስመሩ ጠፋ። ከዚያ መድኃኒቱን አጠብኩት። ሥራው ማጠብ ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ በለብታ ውሃ፣ ቀስ ብሎ፣ ሴሎቹ እንዳይነቀሉ። ከዚያ ሰዓት መያዝ። ጥያቄው መድኃኒቱ ሲወሰድ ምን ይሆናል ነው፣ ወዲያው ይነቃሉ ወይስ ይቆያሉ። ንጋት ላይ ምስሉ ወጣ፤ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ ተመልሷል፣ መመለስ ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ መድኃኒት ቀምሶ ከማያውቀው ሳህን ይብሳል፣ ጠቁሯል፣ እንደተቆጣ። አኒካ ጠዋት ገብታ አየችውና «እንዴት ያምራል!» አለች፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው፣ ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ነው በረዶውን የወረድኩት። ቤት ደርሼ ደወልኩ። በቃ። እኔ እዚህ በለብታ ውሃ ሳጥብ እናቴ እዚያ በእንጦጦ ውሃ እያጠበችው ነበር፣ የኔ አንድ ሌሊት ነው፣ የእሷ ስድስት ሳምንት። የሰው ገላ እንደ ሳህን አይደለም፣ ኪኒኑ ከደም ቶሎ አይወጣም፣ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ይኼን አውቃለሁ፣ ይኼን ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ ውዳሴ ማርያም የምደግመው፣ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ሳምንታት። ስድስት ሳምንትስ ሳምንታት አይደለም?

አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ ፈተና ሲደርስ፣ እማዬ እኔንም እንጦጦ ጸበል ወስዳኝ ነበር። ባህር ዛፉ ውስጥ ጨለማው ገና አልገፈፈም፣ ጸበል ልንቀዳበት ያስያዘችኝ የላስቲክ ጄሪካን ጉልበቴን እየመታኝ፣ ከኛ ፊት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይመጣሉ፣ እሷ መንገድ እየለቀቀች «ያቅልላችሁ» ትላቸዋለች፣ እኔ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ አሁንም ይለኛል፣ ብርድ ልብሱ ወርዷል። ውሃው ሲፈስብኝ ጮህኩ። «ጩኸቱ ጥሩ ነው፣ ያመመህን ካልተናገርክ ማን ያውቅልሃል» አለችኝ እያደረቀችኝ። ያመመህን ካልተናገርክ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፣ ስንሰማው ያደግነው ነው፤ የሰውን በሽታ ከራሱ ከሰውየው ስለሸሸገ ሰው ግን ተረት አልተተረተም፣ የሚያደርገው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም መሰለኝ። ሁላችንም ነን የምናደርገው ለነገሩ። አያቴን ራሷ እማዬ «ጨጓራ ነው» ብላ አይደል የሸኘቻት?

ስልኩ ይጮሃል። ሥርጉት ናት፣ ጠዋት እንደዘጋሁ ጽፌላት ነበር፣ አሁን ነው ያየችው። «አንተ እውነትህን ነው? ስድስት ሳምንት?» እኔም አላመንኩም አልኳት። «እኔ እኮ በየወሩ ኪኒኑን ቪታሚኑ ብልቃጥ ውስጥ ስገለብጥ የፊቱ አልጎደለም ነበር፣ ለምን አላየሁም፣ የታባቴ ነበርኩ» ትላለች፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ መንገድ ላይ ነች። ምሳ ሰዓቷ ነው፣ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ቤት እየሄደች ነው። «ስማኝ ሕሩይ፣ ቀላል ነው። አንተ ትደውልላታለህ፣ ቪታሚኑ ለአጥንትሽ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ካልተወሰደ አጥንት ይሰበራል ትላታለህ። አንተ ካልካት ዛሬውኑ ትውጣለች።» ልክ ናት። ትውጣለች። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ ያውም የምታድን፣ ምን አለበት። ደግሞ በሚቀጥለው ጾም ሌላ እንፈልጋለን፣ ምርመራ ሲደርስ ሌላ፣ ሲብስባት ሌላ፣ ስትሞት ምን እንላት ይሆን። «እውነቱን ብንነግራትስ?» አልኩ። የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አትንገሯት ያልከው አንተ። ስምንት ወር ብልቃጥ እየቀያየርኩ፣ ወረቀቷን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እየደበቅሁ፣ የምታውቀው እትዬ ታደለች እንዳታወጣው በዓይኔ እየለመንኳት፣ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ የማለቅሰው እኔ። አንተ ስልኩን ትዘጋና ትተኛለህ።» አልተኛሁም አልኳት። «ደግ አደረግክ!» አለችና እንደ መጸጸት ብላ «ቤት ስደርስ ሚስድ ኮል አደርግልሃለሁ። የፈለግከውን በላት። እኔ ግን አጠገቧ እሆናለሁ» ብላ ዘጋችው።

ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ መስታወቱን አላየሁትም። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደ ፈተና ልምምድ አደረግሁ፤ ለአጥንትሽ ነው፣ ለአጥንትሽ ነው፣ ምላሴ ላይ እንዴት ይጣፍጣል። ሌላኛውን ቃል ደግሞ ሞከርኩት፣ በእንግሊዝኛ በቀን ሃምሳ ጊዜ የምለውን፣ በስዊድንኛ እንኳ የምለውን፣ ለእናቴ በአማርኛ ልለው ስል ግን ከንፈሬ እንቢ አለ። ስልኩ አንዴ ጮኾ ጠፋ። ደርሳለች። ደወልኩ።

«ሕሩዬ? አልተኛህም እንዴ አንተ?»

«እማዬ፣ ያ ቪታሚን…»

«እንዴ፣ ምን ሆናችኋል ዛሬ? ይቺም ከሥራዋ ተነስታ መጥታ ቪታሚን ቪታሚን፣ ኮሚሽን አላችሁ?»

ለአጥንትሽ ነው። በል እንጂ። «ቪታሚን አይደለም» አልኳት።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የካንሰር መድኃኒት ነው። ነሐሴ ላይ የወጣልሽ እጢ ካንሰር ነበር፣ እማዬ። የጡት ካንሰር።»

አልጮኸችም። አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ፣ መነጽሯ ይሆናል። ረዳቱ አሁንም መገናኛ ይላል፣ ኮተቤ እንደነበረ ነው። እኔ ቆሜያለሁ፣ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፣ ክፍል ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ።

«ማን ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔ። ሥርጉት።»

«ሌላ።»

«እትዬ ታደለች።»

«ሌላ።»

«የንስሐ አባትሽ።»

«እሳቸውም!» አለች፣ እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ መድኃኒት የሚያቋርጡትን ስሰድብ እቤቴ ተቀምጠው ሰምተውኛል እኮ። አዎ፣ ልክ ነሽ ለተ ብለውኛል። ሁላችሁም እያያችሁኝ! ማን ነው አትንገሯት ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ።»

«እኔ፣ እማዬ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ማንበብ ሳስተምር ኖሬ የኔን ገላ ወረቀት ሌላ ሰው ያንብብልኝ? ሕፃን ነኝ? እብድ ነኝ?» ይቅርታ አልኩ። «ይቅርታህን ያዘው፣ ጥያቄ አለኝ። ያ በር ላይ ያለው ዘበኛ ያልከኝ፣ ኪኒኑ እሱን ነው የሚይዘው?»

«አዎ። እሱን ነው።»

«እኔ ስተወው ዘበኛው ተለቀቀ።»

«እንደ ሳህን አይደለም፣ በሰው ገላ ቀስ እያለ…»

«አታባብለኝ ሕሩይ!»

«አዎ። ተለቀቀ።»

«ታዲያ ተመልሶብኛል?»

እዚህ ጋ የሳህን ሳይሆን የሰው ዶክተር ብሆን ደስ ባለኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ካልተመረመርሽ ማንም አያውቅም። ኪኒኑን ዛሬ ጀምሪ፣ ነገ ከሥርጉት ጋር ሐኪሙ ጋ ሂዱና ማቋረጥሽን ንገሪው፣ የሚያስፈልገውን እሱ ያዛል። ጸበሉንም አትተዪ። ግን ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም ካልሽኝ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ አላውቅም።»

«እሺ» አለች። እናቴ ሳይገባት እሺ አትልም። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አነሳችው፣ ግን አልዘጋችውም፣ ድምፅዋ ከሩቅ መጣ። «ሥርጉት! ያን ብልቃጥ አምጪው፣ ውሃም።» ኮቴ፣ ብርጭቆ። «እማዬ ዘጠኝ ሰዓት እኮ አልሞላም፣ ጾምሽን…» ትላለች ሥርጉት። «ሰዓቱን ለኔ ተይው። አንቺ ነሽ በየወሩ እዚህ ውስጥ የምትገለብጭው? ብቻሽን? እኔ ጎን ተኝተሽ? ስምንት ወር?» ከሥርጉት የሆነ ድምፅ ወጣ፣ መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። «ነይ» አለች እማዬ። «ነይ ወዲህ የኔ ልጅ፣ ነይ፣ ኪኒኑ ይቆያል።» አለቀሱ። ውሃ ሳይከፈት፣ እንደ አገራችን፣ ጮክ ብለው፣ አንዷ ስታቆም አንዷ እየጀመረች፤ በመሀል እትዬ ታደለች «ምን ሆናችሁ?» እያለች ስትገባ ሰማሁ፣ ገብታም እሷም ጀመረች። እኔም አለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ ተውኩት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልያዝኩም። ኋላ እማዬ «እስቲ ስጪኝ አሁን» አለች፣ ውሃው ጉሮሮዋ ላይ ሲወርድ ሰማሁ፣ ወንበር ተሳበ፣ ሦስቱም ወደ ውስጥ ገቡ መሰለኝ ድምፃቸው ራቀ። ስልኩን መዝጋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፣ እኔም አልዘጋሁትም።